የሆቴል ነጥብ እየረከሰ ነው፦ የትኛውን ይዞ የትኛውን መተው ይሻላል?

በየዓመቱ ጁላይ 4 ሰሞን የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ውድድር በሚካሄድበት ከተማ ሆቴል ይወደዳል። የአሜሪካኖቹ በዓልም ስለሚደረብበት ዋጋው አይቀመስም። ቀደም ሲል ለዚህ ሳምንት ብሎ የሆቴል ነጥብ (ሆቴሎች ለአባሎቻቸው የሚሰጡት፣ ሲጠራቀም ሌሊት የሚገዛ ነጥብ) ያጠራቀመ ሰው ዘና ይል ነበር። ክፍሉ በገንዘብ 150 ዶላርም ይሁን 400 ዶላር፣ በነጥብ የተቆረጠለት ዋጋ አንድ ነው። 25,000 ከተባለ 25,000 ነው።

ያ ነገር በአብዛኛው ቀርቷል። ዛሬ በብዙዎቹ ትልልቅ ሆቴሎች የክፍሉ ዋጋ በዶላር ሲወጣ በነጥብም ይወጣል። ነጥባችሁ አካውንታችሁ ውስጥ ቁጭ ብሎ ቁጥሩ ሳይቀንስ፣ የሚገዛው ሌሊት ግን ይቀንሳል። ስለዚህ ጥያቄው "የትኛው ሆቴል ብዙ ነጥብ ይሰጣል?" መሆኑ ቀርቶ "የትኛው ነጥብ እጄ ላይ ሳለ ቶሎ አይረክስም?" ሆኗል። ይህ ጽሑፍ በዋናነት አሜሪካ ለሚኖር አንባቢ ነው፤ አውሮፓና ዐረብ አገር ላላችሁም የሚሆን አለበት። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ምን ተለወጠ?

ድሮ እያንዳንዱ ሆቴል ምድብ ነበረው። ለየምድቡ የነጥብ ዋጋ በሰንጠረዥ ይወጣል፣ ማንም ያየዋል። ሂልተን ሰንጠረዡን በ2017 አነሳ። ማሪዮት በማርች 2022 ተከተለ። የሆሊዴይ ኢኑ አይ ኤች ጂም እንደዚሁ። አሁን የነጥቡን ዋጋ የምታውቁት ቀኑን አስገብታችሁ ስትፈልጉ ብቻ ነው። ነገ ስትመለሱ ሌላ ቁጥር ልታገኙ ትችላላችሁ።

ለምን እንዲህ አደረጉ? ሆቴሉን የሚያስተዳድረው ስም ሌላ፣ የሕንፃው ባለቤት አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ነው። እናንተ በነጥብ ስታድሩ ኩባንያው ለባለቤቱ ይከፍላል። ሆቴሉ ባዶ ከሆነ ክፍያው ትንሽ ነው። ሊሞላ ሲቃረብ ግን ወደ ሙሉው የክፍል ዋጋ ይጠጋል። እኛ ነጥባችንን መጠቀም የምንወደው ደግሞ ልክ በዚያ ሰዓት ነው፤ በበዓል፣ በሠርግ፣ በውድድር ሳምንት። በዚያ ላይ ኩባንያዎቹ ነጥብ ለባንኮች በጅምላ ይሸጣሉ፤ ባንኮቹ በክሬዲት ካርድ ለሕዝብ ያድሉታል። ነጥቡ በዛ፣ ክፍሉ ግን ያው ነው።

ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም። በ2024 ክረምት ብር ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ሲሻገር አይተናል። ባንክ ያለው ብር በቁጥር አልጎደለም። የሆቴል ነጥብም እንደዚያው ነው፤ እንዲያውም ይብሳል። አታሚውም፣ ምንዛሬውን የሚወስነውም፣ ዕቃውን የሚሸጠውም አንድ ኩባንያ ነው። የአባልነት ውሉ ላይም ደንቡን በፈለገ ጊዜ የመለወጥ መብት እንዳለው ተጽፏል። ያንን ውል ማን ያነበዋል?

በምን እንመዝናቸው?

የመጀመሪያው መለኪያ የአንድ ነጥብ እውነተኛ ዋጋ ነው። ሂሳቡ ቀላል ነው። በገንዘብ ብታድሩ የምትከፍሉትን ሙሉ ሂሳብ፣ ታክሱን ጨምሮ ያዙ። በነጥብ ብታድሩም ከኪስ የሚወጣውን ቀንሱ። የቀረውን ለነጥቡ ብዛት አካፍሉ። ለምሳሌ ክፍሉ ከነታክሱ 212 ዶላር፣ በነጥብ ደግሞ 40,000 ነው እንበል። ሆቴሉ በነጥብ ለሚያድርም 32 ዶላር "ሪዞርት ፊ" (ከክፍሉ ዋጋ ላይ የሚደረብ የአገልግሎት ክፍያ) ያስከፍላል። ስለዚህ 40,000 ነጥብ ያዳነላችሁ 180 ዶላር ነው፤ የአንዱ ነጥብ ዋጋ 0.45 ሳንቲም ሆነ ማለት ነው። ስታወዳድሩ በእርግጥ የምትከፍሉትን ዋጋ ተጠቀሙ። የአባላት ቅናሽ ካለ ቅናሹን። ሆቴሉ ገጹ ላይ የሰቀለውን ትልቁን ዋጋ ይዞ "ነጥቤ እንዴት ያለ ጥቅም ሰጠኝ!" ማለት ራስን መሸወድ ነው።

ሁለተኛው ከወጪ የሚመለሰው ነው። አንዱ በዶላር 10 ነጥብ፣ ሌላው 5 ነጥብ ቢሰጥ አስሩ ይበልጣል ማለት አይደለም። ነጥቡን በዋጋው አባዙት።

ሦስተኛው፣ ለእኔ ዋናው፣ እርግጠኝነት ነው። የነጥቡ ዋጋ አስቀድሞ ይታወቃል ወይስ ሲመጣ የምናየው ነው? ለውጥ ሲመጣ ያስታውቃሉ ወይስ ሌሊት ይቀይሩታል?

የቀሩት ሁለቱ አጭር ናቸው። ነጥቡ ሳይነካ ስንት ጊዜ ይቆያል? እናንተ በምትሄዱበት ከተማስ ሆቴሉ አለ ወይ? ከዚህ ከመጨረሻው ጥያቄ ካልተነሳችሁ የቀረው ሁሉ ወሬ ነው።

ማሪዮት ቦንቮይ

ቦንቮይ የማሪዮት ሆቴሎች የነጥብ ፕሮግራም ስም ነው፤ ትልቁ ይህ ነው። ከ9,000 በላይ ሆቴሎች አሉት። ዋና መሥሪያ ቤቱ ሜሪላንድ፣ ቤተስዳ ነው፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ላለ ሐበሻ የጎረቤት ሰፈር። አዲስ አበባ ላይ ሸራተንም በዚህ ሥር ነው። "የትም ብሄድ አላጣውም" ለሚል ሰው የሚወዳደረው የለም።

የዋጋው ነገር ግን ልብ አይሞላም። ሰንጠረዡ በነበረበት ጊዜ ጣሪያው በሌሊት 100,000 ነጥብ ነበር። አሁን ጣሪያ የለም፣ ቅንጡዎቹ ከዚያ በላይ ሲጠይቁ ታያላችሁ። አንድ ሆቴል ማክሰኞ 31,000፣ ቅዳሜ 52,000 ቢል አትደነቁ። ሪዞርት ፊውንም በነጥብ ከሚያድረው ሰው ይቀበላሉ።

ከሁሉ የተጎዳው በክሬዲት ካርድ በየዓመቱ የሚመጣው ነጻ የአንድ ሌሊት ኩፖን ነው። "እስከ 35,000 ነጥብ" ተብሎ የተወሰነ ነውና የሆቴሉ ዋጋ 36,000 ከሆነ ብቻውን አያስገባችሁም። እስከ 15,000 ነጥብ ከራሳችሁ እንድትጨምሩ በ2022 መፈቀዱ ጥሩ ነው። ግን በተለዋዋጭ ዋጋ ውስጥ የተወሰነ ኩፖን ይዞ መቆየት ትርፉ መንገብገብ ነው፤ ቶሎ ተጠቀሙበት።

የማሪዮት ጥሩ ጎን አምስት ሌሊት በነጥብ ስትይዙ አንዱ ነጻ መሆኑ ነው። ለሳምንት ጉዞ ሃያ በመቶ ቅናሽ እንደማለት ነው። ነጥቡ ለ24 ወራት እንቅስቃሴ ካላየ ይጠፋል።

ሂልተን ኦነርስ

ሂልተን ቁጥር ያበዛል። በዶላር 10 ነጥብ፣ በየሰበቡ ቦነስ፣ ካርድ ስታወጡ አስር ሺዎች። አካውንቱ ሲከፈት ደስ ይላል። የአንዱ ነጥብ ዋጋ ግን ብዙውን ጊዜ ግማሽ ሳንቲም አካባቢ ነው። ራሱ ኩባንያው ነጥብ በእጥፍ ቦነስ ሲሸጥ በግማሽ ሳንቲም ሂሳብ ይመጣል። ከዚያ በላይ ዋጋ አትስጡት።

ይሁን እንጂ ሂልተንን ሙሉ በሙሉ ለመጣል አትቸኩሉ። ለእያንዳንዱ ሆቴል ያልተነገረ ጣሪያ አለ። "ስታንዳርድ" የሚባለው መደበኛ ክፍል በነጥብ ከተወሰነ ቁጥር አያልፍም። ክፍሉ በገንዘብ ሦስት እጥፍ ሲሆን መደበኛው ክፍል በነጥብ ከተገኘ፣ ያ የድሮው ጥቅም ተመለሰ ማለት ነው። ለዚህ በየካቲት የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ሲሆን አዲስ አበባ ያለውን የሆቴል ዋጋ፣ ወይም በጸደይ ዋሽንግተን የቼሪ አበባ የሚፈካበትን ሰሞን አስቡ። ችግሩ፣ ያ መደበኛ ክፍል በእንዲህ ዓይነት ቀን ቶሎ ያልቃል። ሲያልቅ ሲስተሙ "ፕሪሚየም" ብሎ ሌላ ክፍል ያሳያችኋል፤ ቁጥሩ ሦስትና አራት እጥፍ ይሆናል። አንዳንድ ሆቴል መስኮቱ ትንሽ ሰፋ ያለውን ክፍል ሁሉ ፕሪሚየም ይለዋል። ፕሪሚየም በነጥብ መያዝ ገንዘብ መጣል ነው።

ሌሎች ነገሮችም ይጠቅማሉ። በነጥብ ስታድሩ ሪዞርት ፊ የለም። ነጥብም ከሌሎች አሥር ሰዎች ጋር ያለ ክፍያ ማዋሃድ ይቻላል። ለሠርግ ወይም ለውድድሩ ሳምንት ወንድም፣ እህት፣ አክስት ያላቸውን አዋጥተው አንድ ሰው ሊይዝ ይችላል። ከሲልቨር ደረጃ (ከተራው አባል ቀጥሎ ካለው) ጀምሮ ላለ አባል አምስተኛው ሌሊት ነጻ ነው። ከካርዱ የሚመጣው ነጻ ሌሊትም እንደ ማሪዮት በነጥብ ቁጥር አይወሰንም፤ መደበኛ ክፍል ካለ ውዱ ሆቴልም ይሠራል።

ወርልድ ኦፍ ሃያት

ከማሪዮት፣ ከሂልተንና ከአይ ኤች ጂ በተለየ ይህ ሰንጠረዡን ይዞ ቀርቷል። በዶላር የሚሰጠው 5 ነጥብ ብቻ ስለሆነ ብዙ ሰው ያልፈዋል። ሂሳቡን ስትሠሩት ግን አንዱ ነጥብ አብዛኛውን ጊዜ ከ1.5 ሳንቲም በላይ ያወጣል። ከወጪ ተመላሹን ስታሰሉ ከሂልተን ይበልጣል። ሪዞርት ፊ በነጥብ ላደረ አይጠየቅም። ሆቴሎች በዓመት አንድ ጊዜ ከምድብ ምድብ ሲዛወሩ አስቀድሞ ይነገራል፣ ለመያዝ ጊዜ ታገኛላችሁ።

እዚህም ቢሆን ሙሉ ሰላም የለም። በ2022 ሃያት አንዱን ዋጋ ለሦስት ከፈለው። አራተኛ ምድብ ሆቴል 15,000 የነበረው በቀዝቃዛ ወቅት 12,000፣ በሞቀ ወቅት 18,000 ሆነ። እርከን በተጨመረ ቁጥር ሰንጠረዡ ወደ ተለዋዋጭ ዋጋ እየቀረበ ይሄዳል። ስለዚህ ከመቁጠራችሁ በፊት የዕለቱን ሰንጠረዥ እዩ።

ትልቁ እንከን ስፋቱ ነው። ከማሪዮት ጋር ሲነጻጸር በጣም ትንሽ ነው፤ በብዙ ትንንሽ ከተሞች የለም። አዲስ አበባ ላይ ግን መስቀል አደባባይ አጠገብ ሃያት ሪጀንሲ አለ። ቤተሰብ ቤት እያለ ሆቴል መያዝ እናትን ማስቀየም ነው፣ አውቃለሁ። ግን ለሁለት ሌሊት የጄት ላጉን ለማሳለፍ አንዳንዶቻችን እንይዛለን።

አይ ኤች ጂ

ሆሊዴይ ኢን፣ ክራውን ፕላዛና ኢንተርኮንቲኔንታል የሚገኙበት ነው። ዋጋው ተለዋዋጭ ነው፣ ነጥቡም ከሂልተን ብዙም አይለይም። የአሜሪካውን ክሬዲት ካርድ ለያዘ ሰው አራተኛው ሌሊት ነጻ ነው፤ ለረጅም ቅዳሜና እሑድ ያዋጣል። ደረጃ የሌለው አባል ነጥብ በ12 ወራት ዝምታ ይጠፋል። በዓመት አንዴ የሚጓዝ ሰው ይህንን ይርሳው።

አኮር

ፈረንሳዩ አኮር የሄደው በሌላ መንገድ ነው። 2,000 ነጥብ ሁልጊዜ 40 ዩሮ ነው። ክፍሉ ቢወደድም ቢረክስም ነጥቡ እንደ ገንዘብ ከሂሳቡ ላይ ይቀነሳል። መጠበብ አይቻልበትም፣ መሸወድም የለበትም። ጀማሪ አባል በአብዛኞቹ ሆቴሎች ለ10 ዩሮ 25 ነጥብ ስለሚያገኝ ተመላሹ 5 በመቶ ነው። በኢቢስ ግማሹን ታገኛላችሁ።

አውሮፓና ባሕረ ሰላጤው አካባቢ ላሉ ወገኖች ይስማማል። መካ ላይ ሐረም ፊት ለፊት ያሉት ፌርሞንትና ስዊሶቴል የአኮር ናቸው። በረመዳን ዑምራ የክፍል ዋጋ የት እንደሚደርስ የሄደ ያውቃል። በአኮር ነጥብ ያ ዋጋ አይቀንስም፤ ነጥባችሁ ግን በዚያ ሳምንት የተለየ አይረክስም። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ፤ በ365 ቀን ውስጥ አንድ ቆይታ ከሌላችሁ ነጥቡ ይቃጠላል።

ዊንደም

ስለዚህ ማንም አያወራም፤ ነገር ግን ለእኛ ሰው ከሁሉ የተሻለው ሊሆን ይችላል። ሱፐር 8፣ ዴይስ ኢን፣ ላ ኪንታ፣ ራማዳ በሙሉ የእሱ ናቸው። የነጥብ ዋጋው ሦስት ብቻ ነው፦ 7,500፣ 15,000 እና 30,000። በዶላር 10 ነጥብ ይሰጣል፤ ከዚያ ካነሰም በአንድ ቆይታ ቢያንስ 1,000 ነጥብ ታገኛላችሁ።

እዚህ ላይ ትራክ ለሚነዱ ወገኖች ልብ በሉ እላለሁ። በ60 ዶላር ክፍል አንድ ሌሊት አድሮ ነገ ወደ ሌላ ግዛት የሚነዳ ሰው 600 ሳይሆን 1,000 ነጥብ ያገኛል። ስምንት እንዲህ ያሉ ሌሊቶች የ7,500ን ክፍል ያስገኛሉ። ከእነዚህ ፕሮግራሞች ርካሽ ክፍል የሚይዘውን እንዲህ የሚያከብር ሌላ አላየሁም። እንከኑ ሁለት ጊዜ ማለቁ ነው። ለ18 ወራት ካልተነካ ይጠፋል፤ ቢነካም እያንዳንዱ ነጥብ ከተገኘ በአራት ዓመቱ ይጠፋል።

በአንድ ሲታዩ

የነጥቡ ዋጋ ለሂሳብ የምጠቀምበት ጠበቅ ያለ ግምት ነው። የእናንተ ሌሊት ከዚህ ሊበልጥም ሊያንስም ይችላል።

| ፕሮግራም | የሚገኝ ነጥብ | የአንዱ ነጥብ ዋጋ | ተመላሽ | የነጥብ ዋጋ አወጣጥ | ሳይነካ የሚቆየው |
|---|---|---|---|---|---|
| ማሪዮት | በዶላር 10 | 0.7 ሳንቲም | 7% | ተለዋዋጭ፣ ጣሪያ የሌለው | 24 ወር |
| ሂልተን | በዶላር 10 | 0.45 ሳንቲም | 4.5% | ተለዋዋጭ፣ የተደበቀ ጣሪያ ያለው | 24 ወር |
| ሃያት | በዶላር 5 | 1.6 ሳንቲም | 8% | በሰንጠረዥ | 24 ወር |
| አይ ኤች ጂ | በዶላር 10 | 0.5 ሳንቲም | 5% | ተለዋዋጭ | 12 ወር |
| አኮር | ለ10 ዩሮ 25 | 2 የዩሮ ሳንቲም | 5% | ቋሚ ምንዛሬ | ከቆይታ 365 ቀን |
| ዊንደም | በዶላር 10፣ ቢያንስ 1,000 | 0.7 ሳንቲም | 7% እና ከዚያ በላይ | ሦስት ቋሚ ዋጋ | 18 ወር |

ሰንጠረዡ ውስጥ ያልገባ ሰባተኛ ምርጫ አለ፦ ነጥቡን ትቶ ገንዘብ መውሰድ። ሁለት በመቶ የሚመልስ ተራ ክሬዲት ካርድ ብዙ ባንክ ይሰጣል። የሂልተን ነጻ ካርድ በተራ ወጪ ላይ በዶላር 3 ነጥብ ይሰጣል፤ በእኛ ግምት 1.35 ሳንቲም ነው። ለአስቤዛ ሳይሆን ለተራ ወጪ ከሆነ ሁለት በመቶው ያሸንፋል። ገንዘቡ ደግሞ የትም ሆቴል ይሠራል።

ለማን የትኛው?

በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ ብቻ ሆቴል የምታድሩ ከሆነ ታማኝነት የሚባለውን እርሱት። ርካሽና ንጹሑን ሆቴል ያዙ፣ በሁለት በመቶው ካርድ ክፈሉ። በሆቴሉ ድረ ገጽ መመዝገብ ነጻ ስለሆነ ነጥቡ ይምጣ፣ ግን እሱን ብላችሁ አንድ ዶላር አትጨምሩ። በሌላ የቦታ ማስያዣ ድረ ገጽ ከያዛችሁ የሆቴሉን ነጥብ አታገኙም፤ ዋጋው ከረከሰ ግን ይሁን።

አሠሪ የሚከፍልላችሁ ሠራተኞች ናችሁ? በምትላኩበት ከተማ ሃያት ካለ ሃያት፤ ከሌለ ማሪዮት። ማሪዮት ላይ ከሆናችሁ ግን ነጥቡን በዓመቱ ጨርሱ። ለጡረታ የሚቀመጥ ነገር አይደለም።

ለውድድሩ ሳምንትና ለሠርግ ሂልተን ከቤተሰብ ጋር አዋህዶ ቀደም ብሎ መያዝ ይሻላል፤ መደበኛው ክፍል ሳያልቅ። በነጥብ የተያዘ ክፍል አብዛኛውን ጊዜ እስከ ጥቂት ቀን ድረስ ያለ ቅጣት ይሰረዛል፣ ነጥቡም ይመለሳል። ስለዚህ ዛሬ ያዙ፤ በየሁለት ሳምንቱ ዋጋውን እዩ። ከወረደ አዲሱን ይዛችሁ አሮጌውን ሰርዙ። ተለዋዋጭ ዋጋ ወደታችም እንደሚለዋወጥ ብዙ ሰው ይረሳል።

ለትራክ ሾፌርና በመኪና ከግዛት ግዛት ለሚሄድ ቤተሰብ ዊንደም። አውሮፓ ወይም ዱባይ ላለ አኮር።

ገና የምትጀምሩ ከሆነና ካርድ ለማውጣት ካሰባችሁ፣ የአንድ ሆቴል ካርድ ከመያዝ ነጥቡን ወደ ብዙ ቦታ የሚያዛውር የባንክ ካርድ ይመረጣል። የቼዝ ነጥብ ለምሳሌ ወደ ሃያትም፣ ወደ ማሪዮትም፣ ወደ አይ ኤች ጂም ይሄዳል። ሌሊቱን አግኝታችሁ ሂሳቡን እስክትሠሩ ድረስ ባንኩ ጋ ይቆይ። አንዴ ከተዛወረ አይመለስም። ማዛወሩ የሚያዋጣውም በዋናነት ወደ ሃያት ነው።

ነጥብ ስለመግዛት ደግሞ በየጊዜው "እጥፍ ቦነስ" የሚል ኢሜይል ይደርሳችኋል። የሚገዛው የምታድሩበት ሌሊት ታውቆ፣ ክፍሉ በነጥብ መኖሩን አይታችሁ፣ የነጥቡ መግዣ ከክፍሉ ዋጋ ሲያንስ ብቻ ነው። ከዚያ ውጭ ኢሜይሉን ሰርዙት።